ትርንጎና የወንዙ ጋኔን

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ተረት ስላችሁ ጮክ ብላችሁ መልሱልኝ።

«ተረት ተረት።»

«የመሠረት።»

በድሮ ጊዜ አንድ ሰፊ ወንዝ ዳር ትርንጎ የምትባል ልጅ ከአባቷ ከዘለቀ ጋር ትኖር ነበር። ዘለቀ ከቃጫ ገመድ እየገመደ ይሸጣል። ወንዙ ድልድይ የለውም። ውስጡ ክፉ ጋኔን ይኖራል። ሊሻገር የገባውን ሰው እግሩን ይዞ ያሰጥመዋል።

ትርንጎ ክርስትና ስትነሣ ቄሱ፣ «እግዚአብሔር ለዚህች ልጅ ዕድልም ሥራም ሰጥቷታል። በዚህ ማዶና በዚያ ማዶ ያለውን ሰው ታገናኛለች» ብለው ነበር። ልጅቷ ሰው ልታሻግር ነው የሚለው ወሬ ጋኔኑ ዘንድ ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣ።

ትርንጎ አደገችና ለድልድይ የሚሆን ወፍራም ገመድ መግመድ ጀመረች። ያን ጊዜ ጋኔኑ ነጋዴ መስሎ በበቅሎ መጣ።

«ይህን የወርቅ አምባር ውሰጂ። አንቺ ደግሞ ‹ዕድሌ ይቅርብኝ› በዪ» አላት።

«አምባሩ ያምራል። እኔ ግን ሥራ አለብኝ» አለችው።

ሁለተኛ ጊዜ አሮጊት መስሎ መጣ።

«ልጄ፣ ይህ ገመድ ይበጠሳል። ሰው ያልቃል፤ በአንቺ ምክንያት» አላት።

ይህኛው ልቧ ውስጥ ገባ። ትርንጎ ገመዱን ጥላ ወንዝ ዳር ተቀምጣ አለቀሰች።

እዚያ አንዲት ኤሊ በጀርባዋ ተገልብጣ ስትፍጨረጨር አየች። እንባዋን ጠርጋ አቃናቻት። ኤሊዋም አፍ አውጥታ ተናገረች።

«ያች አሮጊት ጋኔኑ ነው። እግዚአብሔር የሰጠሽን ሊነጥቅሽ አይችልም፤ አንቺው ‹ይቅርብኝ› እንድትዪ ነው የሚፈልገው። የእግዚአብሔርን ስም ሲሰማ ደግሞ ይቀልጣል።»

ትርንጎ ወደ ገመዷ ተመለሰች።

በሦስተኛው ጊዜ ዘለቀ ውኃ ሊቀዳ ወደ ወንዙ ወረደ። ጋኔኑ በራሱ መልክ ብቅ አለ፤ ቁመቱ ከዋርካ ይበልጣል። ዘለቀን በሁለት እጁ ጨምድዶ ያዘው። ትርንጎ ገመዷን እንደያዘች ሮጣ መጣች።

«‹ይቅርብኝ› በዪ፤ አለዚያ አባትሽን አሰጥመዋለሁ» አላት።

ትርንጎ የኤሊዋን ቃል አስታወሰች። የእግዚአብሔርን ስም አሁን ብትጠራ ግን ጋኔኑ እየቀለጠ አባቷን ይዞ ይሰምጣል። ስለዚህ እንዲህ አለችው፦

«ዕድሌ የራሴ አይደለም፤ በአደራ የተሰጠኝ ነው። ከፈለግኸው ባለቤቱን ለምነው።»

«እንዴት ነው የሚለመነው?»

«ሁለት እጅ ተዘርግቶ ነዋ።»

ጋኔኑ ስስታም ነበር። ቶሎ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ዘለቀ ውኃው ውስጥ ወደቀ። ትርንጎ ገመዱን ወረወረችለት፤ ያዘው። ገመዱ ተወጠረ፤ አልተበጠሰም። ጎትታ አወጣችው።

ጋኔኑ የባለቤቱን ስም ጠርቶ ሊለምን አፉን ከፈተ። «እ… እ…» አለ፤ አቃተው።

«ስሙ ካልወጣልህ እኔ ልጥራልህ» አለችና፣ «እግዚአብሔር ሆይ» አለች። ጋኔኑ እንደ ጨው ሟሟ። ውኃውም ጠራርጎ ወሰደው።

አባቷ አቅፏት ብዙ ቆየ።

«አልፈራሽም ልጄ?»

«ፈርቻለሁ አባዬ። አሁንም ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

ያን ጊዜ ሁለቱም ሳቁ፤ እስኪደክማቸው ድረስ ሳቁ።

ድልድዩም ተሠራ። ሰዉ ከወዲያ ወዲህ እየተሻገረ ዘመድ ጠየቀ፤ ልጆችም ወንዙ ውስጥ ያለ ፍርሃት ዋኙ።

ልጆች፣ እግዚአብሔር የሰጣችሁን ክፉ መንፈስ ሊቀማችሁ አይችልም። ቢያባብላችሁም ቢያስፈራራችሁም እናንተ አትልቀቁት።

ተረቴ እዚህ ላይ ደረሰ። ለእኔ አንድ ቁራሽ ዳቦ፣ ለእናንተ ጥሩ እንቅልፍ ይስጠን።