ሻይ ሻጯና አጃቢ የማያጣቸው ሹም

ይህን ያጫወተችኝ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ አስካለ ናት፤ የስብሰባ አዳራሹን የምታጸዳው እሷ ስለሆነች በዓይኗ ያየችውን ነው የነገረችኝ።

የዓለም የኮምፒውተር አዋቂዎች ትልቁ ስብሰባ የት አገር ይሁን ተብሎ ፈረንጆች እኛንም ሊያዩ መጡ። የፈለጉት ሰላም ያለበት፣ መንገዱም ለመጣ ሰው ሁሉ የተመቸ አገር ነው። አስጎብኚያቸው አቶ ጥላዬ የሚባሉ ሹም ናቸው። ከፊትም ከኋላም ጠመንጃ የያዘ አጃቢ አላቸው፤ እሳቸው ያልፋሉ ተብሎም መንገዱ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል።

ፈረንጆቹ «እስቲ ተራ ሰው እንጠይቅ» ሲሉ፣ ሹሙ በአዳራሹ በር ላይ ሻይ ወደምትሸጠው ሴት ቀደም ብለው ሄዱና በሹክሹክታ፣ «ስሚ አንቺ፣ ሰላም ነው፣ መንገዱም ክፍት ነው በይ። ሌላ ብታወሪ ነገ እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ» አሏት። ልጆቿን የምታሳድገው በዚያች ቦታ ነው።

አስተርጓሚው ሲጠይቃት ብርጭቆዋን እያለቀለቀች፣ «ሰላም ነው ጌቶቼ» አለች። «እኛ ስንወጣም ስንገባም ያለ አጃቢ ነው። እኚህን ሹም ምን እንደሚያስፈራቸው የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። መንገዱም ክፍት ነው፤ የሚዘጋው እሳቸው ሲያልፉ ብቻ ነው።»

አስተርጓሚው አንዲት ቃል ሳያስቀር ነገራቸው።

ስብሰባው ሌላ አገር ሆነ። አቶ ጥላዬም ለስብሰባው ወደዚያ በእንግድነት ተጠርተው ሄዱ፤ አውሮፕላን ማረፊያ እስኪደርሱ መንገዱ ተዘጋ። ሴትዮዋ ከበሩ ተነስታ አሁን ከመንገዱ ማዶ ትሸጣለች። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የቆመው ሰው ሁሉ ሻይ የሚጠጣው ከእሷ ነው።