ሹመት ሲመለስ የተገኘ ዘመድ

ቀኛዝማች ይርዳው ከሹመታቸው የተሻሩ ጊዜ ደጃቸው ጭር ብሎ ከረመ። ሹመቱ ሲመለስላቸው ግን አገሩ ሁሉ ዘር እየቆጠረ ለግብር ጎረፈ። ከሁሉም ፊት የተቀመጠው ምላሱ የማያርፍ አንድ ድሃ ነበር። አሳላፊውን «እኔ እኮ የጌታው ዘመድ ነኝ» እያለ ሁለተኛ ብርንዶ ሲያስቆርጥ ቀኛዝማች አዩት።

«አንተ!» አሉት። «ያኔ ሜዳ ላይ ስቀር የት ነበርክ? ዘመድ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ መቼ መቼ እንደሚባልም አሁን ትነግረኛለህ። መልስህ ካልጣመኝ ጅራፍ ይጠብቅሃል።»

ሰውዬው የጎረሰውን እንደምንም ዋጠና ተነሥቶ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ ዘመድ ማለት ዘመዱን የማያሳፍር ነው። እስቲ እኔን ይዩኝ! ልብሴ ቡትቶ፣ ሥራዬ መብላት። እርስዎ በተሻሩ ጊዜ ‹ዘመዴ› እያልኩ ብመጣ ጠላትዎ ምን ይል ነበር? ‹ሹመቱን ማጣቱ አንሶት ይሄ ደግሞ ዘመዱ ሆኖ ወጣ!› አይልም? ለስምዎ ስል አንጀቴ እያረረ ካድኩዎት። ዛሬ ግን ሹመትዎ ሰፊ ነው፤ እኔን የመሰለ ነውርም ይሸፍናል።»