ሽማግሌ የሚላክባቸው ቡችሎች

በወይራ ማርያም አገር አያ ቢሻው የሚባሉ ሰው ነበሩ አሉ። ዘመኑን አትጠይቁኝ። ለእኔ የነገረኝ አጎቴ ነው፤ ለአጎቴ የነገሩት አማቱ ናቸው፤ አማቱ ደግሞ ዘመን ሲጠየቁ «ጌቶች በበቅሎ የሚሄዱበት ጊዜ» ከማለት በቀር ሌላ አያውቁም ነበር።

አያ ቢሻው መሬታቸው ጠባብ፣ ምላሳቸው ረጅም ነበር። ውሾቻቸውን ግን አገር ያውቃቸዋል። የእሳቸው ቤት ዘር የሆነ ውሻ ያለበትን በረት ጅብም ሌባም ዞሮ ያልፈዋል ይባል ነበር። ታዲያ ከእሳቸው ቡችላ ማግኘት ሚስት ከማግኘት ይከብዳል። ፈላጊው እንደ ወጉ ሽማግሌ ይልካል። እሳቸው ሽማግሌዎቹን አስቀምጠው የሰውየውን ጠባይ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። ከዚያ ደግሞ ራሳቸው ተነሥተው ቤቱን ሊያዩ ይሄዳሉ። ቡችላዋ ጡት ካልጣለች ንጉሥ ቢለምናቸውም አይሰጡም።

አንድ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ አንዱ መመላለሱ ሰለቸውና፣ «አንተ ቢሻው፣ ዓምና ልጅህን ስትድር እንኳ እንዲህ አላንከራተትኸንም። ለውሻ ይህ ሁሉ ምንድን ነው?» ብሎ ተቆጣቸው።

አያ ቢሻውም፣ «ልጄ ብትበደል ተነሥታ መጥታ ትነግረኛለች፤ ይቺ ግን ብትበደልም የበደላትን ሰው ደጅ ትጠብቃለች» አሉት።

፨

ይህን መልስ አገር ሁሉ ሲያደንቀው ያላደነቁት አንዲት ሴት ብቻ ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ። እሳቸው የሚያልቡት ወተት ወደ ቡችሎቹ ሲሄድ ስንት ዓመት አይተዋል።

አንድ ቀን አያ ቢሻው የአንዱን ፈላጊ ቤት አይተው ተመለሱና እሳት ዳር ተቀምጠው ያወሩላቸው ጀመር። አጥሩ የሳሳ ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ሰውየውም ቶሎ ይቆጣል፤ እንዲህ ላለ ቤት ቡችላ አልሰጥም ብያለሁ አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩና፣ «እኔን ለእርስዎ የሰጡኝ ዕለት ይህን ቤት ማን አየልኝ?» አሏቸው።

አያ ቢሻው በማግሥቱ ጣሪያ ሲከድኑ ዋሉ።

፨

ነጋድራስ አጎናፍር የሚባሉ ባለጸጋ ነበሩ። ስማቸው አጎናፍር ይሁን እንጂ ሰው ማጎናጸፍ ቀርቶ ለራሳቸውም የሚለብሱት በክብረ በዓል ብቻ ነው። ሽማግሌ ቢልኩ ለሽማግሌዎቹ ጠላ መቅዳት ሊመጣ ነው፤ ስለዚህ ራሳቸው መጡ።

«ጥቂት የሚበላ፣ ብዙ የሚጮኽ ውሻ ስጠኝ» አሉ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ደወል ነው» አሉ አያ ቢሻው።

ነጋድራስ ነገሩን ከልባቸው አሰቡበት። ደወል በልቶ የሚጨርሰው ነገር እንደሌለ ትዝ ሳይላቸው አልቀረም። ኋላ ግን፣ «ደወል ሌባ ይነክሳል እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

«አይነክስም። የተራበ ውሻ ግን ይነክሳል፤ የሚጀምረውም ከቀረበው ሰው ነው።»

፨

የደብሩ አለቃ፣ አለቃ ልሳነወርቅ፣ ደግ ሰው ናቸው፤ ጥፋታቸው እንግዳ ማብዛት ነው። «የእኔ ቤት ድግስ አይለየውም፤ ውሻህ ትራፊ ጠግቦ ያድራል» ብለው ላኩባቸው። አያ ቢሻውም ቤቱን ለማየት በበዓል ቀን ሄደው ከገበታው ጫፍ ተቀመጡ።

ቀሳውስቱ በሉ፣ ዲያቆናቱ በሉ፣ የአብነት ተማሪዎቹ ደግሞ ገቡና ገበታውን ለመጥረግ የሚቀር ነገር እንዳይኖር አድርገው በሉ። አጥንቱ ተግጦ ነጣ፤ ወጡ ተጠርጎ ሳህኑ በራ። በመጨረሻ ሁሉም ተነሡና አለቃ ረጅም ምርቃት መረቁ። ሰዉ ሲወጣ አለቃ አያ ቢሻውን ክንዳቸውን ይዘው፣ «እህ፣ ቤታችንን እንዴት አየኸው?» አሏቸው።

«አባቴ፣ እዚህ ቤት ከገበታ የሚተርፈው ምርቃት ብቻ ነው፤ ውሻ ደግሞ አሜን ማለት አያውቅም።»

አለቃ እስኪያነቡ ሳቁ አሉ። ከዚያ ወዲህ የውሻው ድርሻ ከእንግዳ በፊት እንዲነሣ አዝዘው ቡችላቸውን ወሰዱ።

፨

የውሾቹ ሁሉ እናት ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ቦራ በወለደች በዓመቱ ጎረቤታቸው ካሴ አያ ቢሻውን ቤቱ ጠርቶ ይመክራቸው ጀመር። «ይህ ሁሉ ፈላጊ እያለ ምን አስቀመጣት? ዘንድሮም ትውለድ እንጂ!» አለ። የካሴ ሚስት ገና ከአራስ ቤት መውጣቷ ነው፤ ሕፃኑን እያጠባች ከጎናቸው ተቀምጣለች።

አያ ቢሻው ወደ እሷ ዞሩና፣ «ልጄ፣ የሚያምር ልጅ ወልደሻል፤ አገሩም ሰው ይፈልጋል። ዘንድሮ ብትደግሚ ምን ይልሻል?» አሏት።

«ካሴ ይውለዳ!» አለች።

በዚያ ዓመት ቦራ ከመውለድ አረፈች። የካሴ ሚስትም አረፈች ይባላል።

፨

ግራዝማች ወሰኔ ደግሞ አንድ ግዙፍ ወንድ ውሻ በገመድ አስይዘው መጡ። ውሻው አሽከሮቹን እየጎተተ፣ አሽከሮቹ ግራዝማችን እየገፉ ነው የደረሱት። «ይህ አንበሳ ነው፤ ልጅ አይል ሽማግሌ አይል፣ ያገኘውን ይዘነጥላል። ከቦራህ ጋር አገናኝልኝ» አሉ።

አያ ቢሻው የውሻውን ዘር ጠየቁ። ሲጣራ ለካ የራሷ የቦራ ልጅ ነው፤ ቀድሞ ለግራዝማች አጎት የሰጡት።

«ልጅ የሚዘነጥል ውሻ አላራባም። ከእናቱ ጋር ደግሞ ጨርሶ!» አሉ።

ግራዝማች ሳቁ። «ምነው ቢሻው፣ ውሻ እንደ ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል እንዴ?»

«እሱ አይቆጥርም። እርስዎም ካልቆጠሩለት ሰውየው በየትኛው የገመድ ጫፍ እንዳለ በምን ይታወቃል?»

፨

አሁን የምነግራችሁ ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። አጎቴ እዚህ ሲደርስ መሳቁን ትቶ ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።

ቦራ ዓመቱን አርፋ ዳግም ስትወልድ ከቡችሎቹ አንዷ እንደ እናቷ ግንባሯ ላይ ነጭ ነበረባት። በዚያው ሰሞን አጓጓሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት መጣች። ቤቷ ከጫካው ዳር ለብቻው ነው። ፍየሎቿን ጅብ ጨርሶባታል፤ ያላትን አንድ በሬ ሌባ ነድቶባታል። የቀረቻት አንዲት ላም ናት። «ይቺም ከሄደች ርስቴን ትቼ ወንድሜ ቤት ጥገኛ መሆኔ ነው፤ የምልከው ሽማግሌም የለኝ፣ ራሴ መጣሁ» አለች።

አያ ቢሻው እንደ ልማዳቸው ቤቷን ሊያዩ ሄዱ። አጥሩ የሳሳ ነው፤ ጣሪያውም ያፈሳል። ከምድጃው አጠገብ ግን ጭድ ተጎዝጉዞ፣ ንጹሕ የሸክላ ገበቴ ተቀምጦ አዩ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉ።

«መኝታዋ ነው፤ ጭዱን በየቀኑ እለውጥላታለሁ። ስሟን ስላልነገሩኝ እስካሁን ‹ልጄ› እያልሁ ነው የማነጥፍላት» አለች አጓጓሽ።

አያ ቢሻው ጎንበስ ብለው ጭዱን በእጃቸው ዳሰሱ። ልባቸው ተነካ። ኋላ ላይ፣ «ስሟ አደራ ነው፤ ጡት ስትጥል መጥተሽ ውሰጃት» ብለዋት ወጡ። አጓጓሽም አንገቷን እንዳይጎዳት ብላ የጥጥ ገመድ ትገምድላት ጀመር።

፨

ጡት መጣሏ ሲቃረብ ፊታውራሪ መሸሻ የአደራን ነጭ ግንባር አዩና ወደዷት። ፊታውራሪ የወይራ ማርያም ገዥ ናቸው፤ የወደዱትን ነገር ማጣት አልለመዱም። ቢሆንም ወጉ አይቅር ብለው ሽማግሌ ላኩ፤ አያ ቢሻውም ወጉ አይቅር ብለው ቤታቸውን ሊያዩ ሄዱ።

ግቢው ሰፊ ነው፤ አዳራሹ ያምራል። ከበሩ አጠገብ ግን አንድ ያረጀ ውሻ ታስሯል። ዝናብ ቢመጣ ከጣሪያው ሥር አይደርስም፤ ፀሐይ ቢመጣ ከጥላው አይደርስም። አንገቱ ቆስሏል።

አያ ቢሻው እንቢ አሉ። ፊታውራሪ በሰው ፊት ማፈራቸው አናደዳቸውና፣ «ይህን የሚያህል ግቢዬ ለአንተ ውሻ አነሰ?» ብለው ጮኹ።

«ግቢውስ ሰፊ ነው፣ ጌታዬ፤ ያጠረው ሰንሰለቱ ነው።»

፨

ፊታውራሪ ነገሩን በሆዳቸው ያዙት። አያ ቢሻውና ባለቤታቸው ትልልቆቹን ውሾች አስከትለው ገበያ በዋሉበት ቀን የፊታውራሪ አሽከሮች አጥር ጥሰው ገቡና አደራን ተሸክመው ሄዱ። አጓጓሽ ደግሞ በቀጠሮዋ ገመዷን ይዛ ስትመጣ ውሻዋን አጣች። ባዶ ገመድ ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች። አያ ቢሻው ለዳኛው ቢያመለክቱ ዳኛው የፊታውራሪ ገበታ ወዳጅ ነበሩና፣ «ለአንድ ውሻ ብለህ ከጌታ ጋር አትጣላ» ብለው መለሷቸው።

አደራ በአሮጌው ውሻ ምትክ በዚያ አጭር ሰንሰለት ታስራ አደገች። በጫካው ዳር ደግሞ ጅብ የአጓጓሽን በረት ደጋግሞ ይጎበኝ ጀመር። እሷ ዱላ ይዛ ላሟን ስትጠብቅ እያደረች ቀን በቀን ከሳች። ወንድሟም ጓዟን እንድትጠቀልል ላከባት።

ኋላ ፊታውራሪ ከነቤተሰባቸው ሠርግ ሄደው በዋሉበት ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሌቦች አጥር ጥሰው ገቡና ቤት የቀረችውን የጌታውን በቅሎ ከነኮርቻዋ ነድተው ወጡ። አደራ አልጮኸችም። ይህንም ከማዶ ሆነው ከብት የሚጠብቁ ሰዎች አይተው መሰከሩ።

ፊታውራሪ አያ ቢሻውን ከሰሱ። ችሎቱ ከሾላው ሥር ተሰየመ፤ ሊስቅ የመጣውም፣ ሊያዝን የመጣውም ሰው ዙሪያውን ሞላ። አደራ ለማስረጃ ከነሰንሰለቷ ቀረበች። አጓጓሽ የጥጥ ገመዷን ጨብጣ ከአያ ቢሻው ኋላ ቆመች።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል» አሉ ፊታውራሪ። «ይቺ ግን ቤቴ እየበላች አድጋ፣ ሌባ በቅሎዬን በፊቷ ሲነዳ ጅራቷን ቆላች! ይህ ሰው ሆን ብሎ ያበላሸው ዘር ነው።»

በዚያ ዘመን ሙግተኛ ችሎት ላይ መወራረድ ልማዱ ነው። ፊታውራሪም ዳኛውን እያዩ ተወራረዱ። «ለምን ዝም እንዳለች ይንገረኝ! ችሎቱን የሚያረካ መልስ ካለው ውሻዋን ይውሰድ። መልስ ካጣ ግን ቦራን ጨምሮ በግቢው ያሉትን ውሾች ሁሉ ያስረክበኝ።»

አያ ቢሻው አደራን አዩ። አንገቷ ቆስሏል። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ቀልድ አልነበረም ይላል አጎቴ። ነጠላቸውን አደግድገው፣ «ተወራረድሁ» አሉ።

ከዚያ የተናገሩትን ሲሰሙ ዳኛው ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሊሸፍኑ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሰንሰለቱን የፈቱት የፊታውራሪ አሽከሮች ራሳቸው ናቸው፤ ቀና ብለው ሰው ማየት ግን አፍረው ነበር። አጓጓሽ አደራን በጥጥ ገመዷ ይዛ ወደ ጫካው ዳር ቤቷ የገባችው፣ ጓዟንም መልሳ የፈታችው በዚህች መልስ ነው፦

«ጌታዬ፣ አጥር ጥሶ የሰው ንብረት ይዞ የሚሄድ ሰው አደራ ከዚህ በፊትም አይታለች፤ ያን ጊዜ ግን ‹ጌታሽ ነው› ተብላለች።»