ጦጢት የሰማች ዕለት

ጠጋ ጠጋ በሉና ጆሮ ስጡኝ። በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ፊደል በሚቆጥሩበት ዘመን፣ መምህር ዝሆን ተማሪዎቹን ከሾላ ጥላ ሥር ሰብስቦ ሦስት ሦስት አድርጎ ቧደናቸው። ጦጢት ከኤሊና ከጃርት ጋር ደረሳት። እሷ ፈጣን ናት፤ ኤሊ ዝግተኛ፣ ጃርት ደግሞ ዓይን አፋር።

«ሦስት ቀን እጠይቃለሁ» አለ መምህሩ። «እስከዚያ ሦስቱም ያልመለሱበት ቡድን አንደኛ ክፍልን ይደግማል!»

ጦጢት ክው አለች። መድገም ለእሷ ሞት ነው።

በመጀመሪያው ቀን መምህሩ «ኤሊ፣ አሥራ ሁለት ሙዝ ለሦስት ሲካፈል ስንት ስንት ይደርሳል?» አለ። ኤሊ አፏን ሳትከፍት ጦጢት ጣቷን እያጮኸች «እኔ! እኔ! አራት!» አለች።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ዜሮ ሰጣቸው።

በሁለተኛው ቀን ያንኑ ጥያቄ ደገመው። ጦጢት «አራት በይ» ብላ ለኤሊ ሹክ አለቻት።

«አራት» አለች ኤሊ።

«ለምን አራት ሆነ?»

ኤሊ ዞራ ጦጢትን አየቻት።

«ጦጢት፣ አንቺስ?»

«አራት ስለሆነ ነዋ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሰሌዳው ጠርዝ ላይ የተቀመጠው ጠመኔ ሳይቀር «ለዚህ መልስ ነው እንዴ እኔ የማልቀው?» አለ።

ጦጢት አለቀሰች። «በእናንተ የተነሳ ልደግም ነው!»

«ሳልቆጥር አራት አስባልሽኝ» አለች ኤሊ። «እንዴት እንደምሠራ እኮ አንድም ቀን ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

ጦጢት አፈረች። እንባዋን ጠርጋ ቁጭ አለች። «እሺ፣ እንዴት ነው የምትሠሪው?»

ኤሊ ጠጠር ለቅማ «አንድ ለአንቺ፣ አንድ ለጃርት፣ አንድ ለእኔ» እያለች እስኪያልቅ አደለች። ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ጦጢት ምላሷን ነክሳ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

በሦስተኛው ቀን መምህሩ «ጦጢት፣ አሥራ ሦስት ሙዝ ለሦስትስ?» አላት።

ጣቷን ልታጮህ አነሳችና ተወችው። ይሄ በቃሏ ከያዘችው ውስጥ የለም። ግን አልተርበተበተችም። «ኤሊ እንዳሳየችኝ ልሥራው» ብላ ጠጠሩን አንድ በአንድ አደለች። «አራት አራት ይደርሰንና አንድ ይተርፋል።»

«ኤሊ፣ ልክ ናት?»

«ልክ ናት። የተረፈውን ለአንዳችን ብንሰጥ ሁለታችን እናኮርፋለን።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

መልሱ ጦጢት አፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችውና ጃርትን አየችው። ጃርት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ለሦስት... እንቆርሰዋለን» አለ።

«አልፋችኋል!» አለ መምህሩ። ጦጢት በጃርት መልስ ጮቤ ረገጠች።

አያችሁ ልጆቼ፣ ያወቅነውን ጓደኛችን እስኪገባው ካላስረዳን፣ እሱም ሲያስረዳን ካልሰማነው፣ ዕውቀታችን ጎዶሎ ነው። እኔ ብዙ አወራሁ፤ በሉ አሁን አንዳችሁ አውሩ፣ እኔ ልስማ።