የጫማዬ ዱካ

«‹ጤፉ ያልበቀለው በእኔ ጥፋት ነው› ይላል ወረቀቱ። ይፈርሙ፣ እማማ። ካልፈረሙ መልሰው የሚዘሩት ዘር ከዚህ መኪና ላይ አይወርድም» አልኳቸው።

የወረዳው የግብርና ኃላፊ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት እኚህ ሴት ጤፍ ሊዘሩ ማሳቸውን በአህያ ማስረገጥ ሊጀምሩ ሲሉ ደረስኩባቸው። «መሬቱ ልል ከሆነ ዘሩ ይሰምጣል» ቢሉኝም፣ አህዮቹን አስወጥቼ፣ በአዲስ ጫማ ማሳው ላይ እየተንጎራደድኩ፣ ስለ ዘመናዊ እርሻ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማርኳቸው። በማግስቱ እንዳልኳቸው ዘሩ።

አሁን ማሳው ባዶ ነው። ጤፉ የበቀለው በጫማዬ ዱካ ላይ ብቻ ነው። አንዳንድ ነጥብ አጉልቼ ለማስረዳት ቆም ባልኩበት ቦታማ ጥቅጥቅ ብሏል።

ሴትዮዋ ያቺን አረንጓዴ መስመር በዓይናቸው ተከትለው ጫማዬ ላይ ደረሱ።

«እፈርማለሁ፣ ጌታው። ጥፋቱስ የእኔ ነው» አሉ። «በአንድ ሰዓት ይህን ያህል ካበቀሉ፣ እስከ ማታ እንዲያስተምሩኝ መለመን ነበረብኝ።»

ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ።

«ዘሩን አውርድላቸው» አልኩት።

አህዮቹ ማሳው ዳር ቆመው ያዩኛል። ወረቀቱን ሳላስፈርም ኪሴ ከትቼ፣ መኪናው ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።