አልሄድም ያለው የሰማይ እንግዳ

ጆሮ ያላችሁ ጆሯችሁን አውሱኝ። ይህ የሆነው ዛፍና ጭስ፣ እንቁራሪትና ሰማይ ከሰው ጋር በአንድ ቋንቋ ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ምድርን የሚጠብቁ ሦስት ወንድማማች ሰማዮች ነበሩ። ላይኛው ሰማይ ከሩቅ የሚወረወረውን ድንጋይ መሬት ሳይደርስ አቃጥሎ አመድ ያደርገዋል። መካከለኛው ሰማይ የፀሐይን እሾህ ያዶለዱማል። ታችኛው ሰማይ ደግሞ ነፋሱን፣ ደመናውንና ዝናቡን ይዞ ምድርን እንደ ጋቢ ያለብሳታል፤ ነፍስ ያለው ሁሉ የሚተነፍሰው ከእሱ ነው። ሙቀት ቀን ቀን ወደ ምድር ይወርዳል፤ ሲመሽ ለሁሉም የሚበቃውን ትቶ፣ የተረፈውን ይዞ ወደ ላይ ይመለሳል።

በአንድ ተራራ ግርጌ ምንውየለት የሚባል ከሰል አክሳይ ከሚስቱ ከአንጓች ጋር ይኖር ነበር። ከጎጆአቸው በታች እንቁራሪት የምትኖርበት ኩሬ አለ። በኩሬው ዳር አንዲት አሮጊት ዋንዛ ቆማለች።

ምንውየለት አንድ ግራር ቆረጠ፤ አፈር አልብሶ አከሰለው። ከአፈሩ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣና ታችኛውን ሰማይ፣

«ጋሼ፣ መሄጃ የለኝም፤ አሳድረኝ» አለው።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ግባ፤ ቤት ለእንግዳ» አለ ሰማይ።

ምንውየለት የተራራውን ጎን መለጠው። ጭስም ሁለተኛ መጣ።

«ጋሼ፣ ወንድሞቼ ደጅ ቀሩ።»

«ስንት ናቸው?»

«ጥቂት ናቸው።»

«እንግዲህ ይግቡ።»

ምንውየለት ተራራውን ራቁቱን አስቀረው። ጭስ ሦስተኛ መጣ። በዚህ ጊዜ ግን አልጠየቀም። ዘር ማንዘሩን አስከትሎ ገባና በሩ ላይ ተቀመጠ።

ሲመሽ ሙቀት ሊሄድ ተነሣ። «መንገድ ልቀቅልኝ፤ አገሬ ልግባ» አለ።

«ምን አስቸኮለህ? እዚሁ እደር» አለው ጭስ።

ሙቀት አደረ። በማግስቱ ሌላ ሙቀት ተጨመረበት፤ በሳልስቱም ሌላ።

አሞራ ከላይ ወርዳ ለታችኛው ሰማይ መልእክት አመጣች። «ታላላቆችህ በረደን ይላሉ። ሙቀት የት ቀረ? ይላሉ።»

«እኔ ደግሞ ተቃጠልኩ» አለ ታችኛው ሰማይ። «እንግዳዬ በሬን ያዘብኝ።»

ከዚያ ወዲያ ዝናብ ወሩ ጠፋበት። ኩሬው ጎደለ።

እንቁራሪት ወደ ምንውየለት ሄደች። «አያ ምንውየለት፣ ስለ ልጆቼ ብለህ እሳቱን ተው።»

«አንቺ ዝም ብትዪ ማን ይጎዳል?» አላት።

አንጓች መጣች። «አንተ ሰው፣ እንቁራሪቷ እውነቷን ነው። እንስራዬ የሚሞላው በጭቃ ነው።»

«ይህችን ዋንዛ ላክስልና እተዋለሁ» አላት።

ዋንዛም ተናገረች። «ልጄ፣ በዚህ አገር ጭሱን አብሮኝ የሚስብ ዘመድ አልቀረኝም። ብቻዬን ነኝ። እኔም ከሄድኩ ማን ያግዝሃል?»

ምንውየለት መጥረቢያውን አነሣ። ቆረጣት።

ኩሬው በሦስተኛው ወር ደረቀ። እንቁራሪት እንቁላሎቿን በሆዷ ከፀሐይ እንደከለለች፣ እንደ ቁርበት ደርቃ ተገኘች። አንጓች እንስራዋን አዝላ ከሁለት ተራራ ማዶ ውሃ ፍለጋ ሄደች። ምንውየለት ሦስት ቀን ጠበቃት። በአራተኛው ቀን ሊፈልጋት ወጣ፤ ውሃው ዘንድ ሳትደርስ መንገድ ላይ ወድቃ አገኛት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ነበር። እንስራው ባዶ ነበር።

መሬቱ አልቆፈር ብሎት መቃብሯን በመጥረቢያ ፈለጠ። ቀብሯት ሲመለስ የቀረውን እሳት በአፈር ዳፍኖ አጠፋና ወደ ላይ ጮኸ።

«ጭስ! እሳቱን አጥፍቻለሁ። ውጣና ሂድ!»

«እሳቱን አጠፋህ እንጂ እኔን አላጠፋኸኝም» አለው ጭስ። «ዕድሜዬ ከዕድሜህ ይረዝማል።»

«አንተ ሰማይ፣ እባክህ አስወጣልኝ!»

«ልጄ፣ ሲገባ ነበር መከልከል» አለ ታችኛው ሰማይ በደከመ ድምፅ። «አሁን ባለቤቱ እሱ፣ ጥገኛው እኔ ነኝ።»

ምንውየለት መሬት ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ሦስት ቀን ሄደ፤ ከሩቅ ቆላ የዋንዛ ፍሬ ለቅሞ ተመለሰ። በደረቀው ኩሬ ዳር ተከለው። ከሁለት ተራራ ማዶ በጀርባው ውሃ እያመጣ፣ ራሱ ሳይጠጣ አጠጣው። ዛፉ ጥላ እስኪሆን እሱ እንደማይኖር ያውቃል። ግን በየቀኑ ይሄዳል፤ በየቀኑ ያጠጣል። ሲሄድም ሲመለስም፣ ከኩሬው የሚጠራው የእንቁራሪት ድምፅ አልነበረም።

እሳትን በአንድ ቀን ያጠፉታል፤ ጭሱን የልጅ ልጅ ይተነፍሰዋል።