አገሩን ያስዘለለው ለፋፊ

አንድ ለፋፊ ነበረ፣ ድምፁ ከገደል ማዶ የሚሰማ። ቆይ፣ አትሳቅብኝ፤ የጠየቅከኝን አልረሳሁም። «አክስቴ፣ በሬዲዮ የምናወራው ነገር ወጣቱን ያስጠነቅቀዋል ወይስ ያስጎመጀዋል?» አላልከኝም? እኔ ፊደል ከቆጠርኩ ቆየሁ፤ እሱንም ግማሹን ነው። ስለዚህ በማውቀው ልመልስልህ። ቆሎህን እየቆረጠምክ ስማኝ።

ይህ ለፋፊ በገበያ ቀን ከትልቅ ቋጥኝ ላይ ይወጣና የሳምንቱን ወሬ ለሕዝቡ ይናገራል። በቅሎ የጠፋበትም፣ ልጅ የተወለደለትም የሚሮጠው ወደ እሱ ነው። ዋሽቶ አያውቅም። አገሩ «እሱ አለ ከተባለ አለቀ» ይል ነበር።

ከገበያው ፊት ለፊት ወንዝ አለ፤ በሁለት ገደል መካከል ገብቶ የሚጠብበትም ቦታ አለ። ከማዶ ወደ ገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ታች ወርዶ በድልድይ ይሻገራል። ድልድዩ ዙሪያ ጥምጥም ነው፤ ግን ማንንም በልቶ አያውቅም።

አንድ ቀን አንድ ጎረምሳ ድልድዩን ትቶ ገደሉን ዘለለ። ዘሎም ተሻገረ። አቤት ያን ዕለት ለፋፊው! «እንደ ሚዳቋ ተወነጨፈ! አየር ላይ ቆመ!» ሲል ቅቤ ሻጮቹ እንኳ ሚዛናቸውን ረስተው አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ሌላው ዘለለና እግሩ ተሰበረ። ለፋፊው ደግ ሰው ነውና «ልጆቼ፣ ተው! ወጣቱ ሁሉ ገደል እየዘለለ አለቀ!» ብሎ አስጠነቀቀ። ማስጠንቀቂያው ግን ከውዳሴው ይበልጥ ጣፈጠ። ሕዝቡ ስለወደደለት በየገበያው ደገመው።

አንድ ቀን እራት ላይ ልጁ ላቀው እጁን ከገበታው ሰበሰበና፣ «በዚህ አገር ያልዘለልኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

«ማን ዘለለና ነው?» አለች እናቱ።

«የቀጥቃጩ ልጅ፣ የሸማኔው ልጅ፣ ሁሉም! አባባ ራሱ ወጣቱ ሁሉ እያለ አይደል?»

ልጁ ሲወጣ ሚስቲቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ስማ አንተ ሰውዬ፣ የዘለሉት ሁለት ናቸው። አገሩን ሁሉ ያስዘለልከው አንተ ነህ።»

«እኔ ተው አልኩ እንጂ ዝለሉ አልኩ?» ብሎ ተቆጣ። ቢቆጣም የዘለሉትን በጣቱ ቢቆጥር ከሁለት አላለፈለትም።

በማግስቱ ገበያ ነበር። ቤታቸው ማዶ ነውና ባልና ሚስት በጠዋት በድልድዩ ተሻገሩ፤ እሷ ንፍሮዋን ለመሸጥ፣ እሱ ለልፈፋው። ልጁ «እደርስባችኋለሁ» ብሎ ቀረ። ለፋፊው ቋጥኙ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ዓይኑ ማዶ ገደሉ ጫፍ ላይ አረፈ። አንድ ጎረምሳ ጋቢውን ወገቡ ላይ ያጠብቃል። አባት የልጁን አቋቋም ከሩቅ ያውቃል።

«ተው!» ሊል አፉን ከፈተ። ወዲያው የእሱ «ተው» እስከ ዛሬ ምን እንዳመጣ ትዝ አለውና መልሶ ዋጠው። ዙሪያውን ቢቃኝ፣ የቀጥቃጩ ልጅ ማጭዶቹን ዘርግቶ ቆሟል።

«ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» አለ። «የቀጥቃጩ ልጅ ዛሬ በድልድይ መጣ! ሁለት እግሩም ደህና ነው!»

ገበያው በሳቅ ተንጫጫ።

«ይሄ ደግሞ ወሬ ተብሎ?» አለች አንዲት ሽንኩርት ሻጭ።

«ጠላ ቀምሶ ነው የወጣው!» አላት ጎረቤቷ።

የቀጥቃጩ ልጅ፣ ያ «ዘልያለሁ» እያለ በላቀው ላይ ጉራውን ሲነዛ የከረመው፣ ማጭዶቹን ጥሎ ከአህያ ኋላ ተሸሸገ። ለፋፊው መች አቆመ! «የሸማኔው ልጅ በድልድይ መጣ! ሁልጊዜም በድልድይ ነው የሚመጣው! የቄሱም ልጅ በድልድይ! ያቺም ልጅ ከነማር ቅሏ በድልድይ!» ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጠራቸው። ማዶ ያለው ልጅ ጋቢውን ማጥበቁን ተወ። ዘለሉ ብሎ የሚያስባቸው ሁሉ አንድ በአንድ በድልድዩ ሲያልፉ በጆሮው አያቸው። ቢሆንም ከጫፉ አልራቀም።

ያን ጊዜ ለፋፊው በዕድሜው አድርጎት የማያውቀውን አደረገ።

«የለፋፊው ልጅ ላቀውም ዛሬ በድልድይ መጣ! እናቱም ትኩስ ንፍሮ ይዛ ድልድዩ አፍ ላይ ተቀበለችው!»

«ምን አልክ?» አለች እናቱ ከገበያው መሃል። «እኔ እዚህ አይደለሁም እንዴ?» ቀና ብላ ገደሉን አየች። ንፍሮውን ከነድስቱ አቅፋ፣ ነጠላዋ በአንድ በኩል፣ ባቄላው በሌላ በኩል እየተንጠባጠበ ወደ ድልድዩ በረረች።

ልጁም ማዶ ቆመ፣ ቆመ፣ ራሱን ነቀነቀ። ዋሽቶ የማያውቅ አባቱ በሕዝብ ፊት በእሱ ስም ዋሸ። ቢዘል አባቱን ውሸታም ሊያደርገው ነው። ፊቱን አዞረና ቁልቁል ወደ ድልድዩ ሮጠ፣ የአባቱ ቃል ሳይረክስ ሊደርስ። ለፋፊው ቋጥኙ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

እናትና ልጅ ድልድዩ አፍ ላይ ተገናኙ። ከለፋፊው ቃል ውሸት ሆና የቀረችው «ትኩስ» የምትለዋ ብቻ ናት።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ፣ ለፋፊው አንተ ነህ፤ ቋጥኝህም ያ ሬዲዮ ጣቢያ። ብስክሌት እየነዱ የጭነት መኪና ኋላ ስለሚንጠለጠሉት ልጆች ስታወራ ሰምቼሃለሁ። እንዴት ያለ ድምፅ ነው የሰጠህ! «የኔ ነው!» እያልኩ ሰፈሩን አደነቆርኩት። ግን «ወጣቱ በሙሉ» ስትል የመጨረሻው ልጄ ጆሮው ቆመ። «እማዬ፣ ያልተንጠለጠልኩ እኔ ብቻ ነኝ» አይለኝ መሰለህ!

የተሰበረውን ደብቅ አላልኩህም፤ የተሰበረ ተሰበረ በል። በድልድይ የመጣውንም ግን ስሙን ጥራለት። የሚበዛው እሱ ነው፤ ያልታወቀው የሚለፍፍለት ስላጣ ነው እንጂ። ነገ «ዳር ዳሩን ነድተው በደህና ትምህርት ቤት የገቡ ልጆች» ብለህ ጀምር። ሰው ቢስቅ ይሳቅ። የኔንም ልጅ ስም ጨምርልኝ። ገና ከቤት ሳይወጣ ጥራው፤ ግድ የለህም። እውነት እንዲሆንልህ እኔ ንፍሮዬን ይዤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ።